ከሂሩት እስከ ሂሩት፤ የድፍረትና የነውር ነገር በኢትዮጵያ ሲኒማ

አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሲኒማ የሰውን ገመና፥ ይልቁንም የወንድና የሴትን ነገር፥ በአደባባይ ለማሳየት በደፈረ ጊዜ በአገራችን የተነሣውን ክርክር ከሥሩ ለመመርመር ነው። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ «ምን ያህል ይታይ? ምን ያህልስ ይሸፈን?» በሚል ጥያቄ ላይ ይቆማል። ከዚህ ጥያቄ አስቀድሞ ግን ሌላ የሚጠየቅ አለ፤ እርሱም «የሚታየው የማን ገመና ነው? እንዲታይስ የፈቀደ ማን ነው?» የሚለው ነው። ይህንን ለማስረዳት በሰሜን ሸዋ ሠርግና በአዝማሪ ጨዋታ ከሚታየው የቆየ ልማድ ተነሥተን፥ የዋና ሴት ጠባያቸው ስም ሁለቱም «ሂሩት» የሆኑትን፥ በመካከላቸው ግማሽ ምእት ዓመት ያህል የተለያዩትን ሁለት ፊልሞች እንመለከታለን። የዓመቱ ቍጥር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ የአውሮጳ ሲሆን በየቦታው ይመለከታል።

አስቀድሞ ቃሉን እንመርምር። «ደፈረ» የሚለው ግስ በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። አንድ ሰው በጦር ሜዳ ጠላትን ደፈረ፥ ወይም በዳኛ ፊት እውነቱን ለመናገር ደፈረ ሲባል ምስጋና ነው። ታላቁን ደፈረ ሲባል ግን ነውር ነው፤ ልጃገረድን ደፈረ ሲባልም ወንጀል ነው። አባት ልጁን «አንተ ደፋር!» ብሎ ሲገሥጸው ጀግና ማለቱ እንዳልሆነ ልጁ ራሱ ያውቀዋል። እንግዲህ በእኛ ቋንቋ የሚደፍር ሰው ሁልጊዜ አንድ አጥር ያልፋል፤ ምስጋናና ወቀሳ የሚለዩት ያለፈው አጥር የማን እንደ ሆነ በመታወቁ ነው።

በፊሊፒን ደሴቶች ስለ ዕራቁትነትና ስለ ሩካቤ የሚያሳዩ ፊልሞች ለብዙ ዘመን «ቦልድ» ሲባሉ ኖረዋል። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ነው፤ ትርጓሜውም «ደፋር» ማለት ነው። ስለዚህ የማኒላ ተመልካችና የአዲስ አበባ ተመልካች ሳይተዋወቁ በአንድ ስም ተገናኝተዋል ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በዚያ አገር ስሙ በይበልጥ የተሰጠው ሰውነቷን ለገለጠች ተዋናይና ለፊልሙ ነው፤ በእኛ አገር «ድፍረት» የተባለው ፊልም ግን ስሙን የወሰደው በአንዲት ልጅ ላይ ከተፈጸመው ግፍ፥ ደግሞም ግፉን ከተቋቋመችበት ልብ ነው። ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

ስለ ሩካቤ በአደባባይ መናገር ለሸዋ ሰው ከውጭ የመጣ ነገር ነው የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። በመንዝ፥ በአንኮበር ወይም በደብረ ብርሃን ዙሪያ ሠርግ የበላ ሰው ግን ይህ አስተያየት ትክክል እንዳልሆነ ያውቃል። ሠርገኛው በገባ ጊዜ የሙሽራዪቱ ወገን የሙሽራውን ወገን፥ ይልቁንም ሚዜዎቹን፥ በዘፈን ይዘልፋል፤ ድህነታቸውን፥ መልካቸውን፥ አንዳንዴም ወንድነታቸውን ያነሣል። በሌላ ቀን በመንገድ ላይ ቢነገር ደም የሚያፈስስ ቃል በዚያን ቀን ሣቅ ያመጣል። አዝማሪውም እንደዚሁ ነው። መሰንቆውን ይዞ በተሰበሰበው ሰው መካከል ሲዞር ሌላ ሰው ቢናገረው የሚያስነቅፈውን ነገር በኅብረ ቃል ሸፍኖ ይናገራል፤ ሰሙን ልጆች ይሰሙታል፥ ወርቁ ለአዋቂዎች ይቀራል። ፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፋቸው ይህን የንግግር ስልት የአማራን ሕዝብ ጠባይ ለመረዳት እንደ ቍልፍ አድርገው የያዙት፥ ለጥናታቸውም በመንዝ የተቀመጡት በከንቱ አልነበረም።

ይህ የቆየ ፈቃድ ሦስት አጥሮች ነበሩት። የመጀመሪያው ጊዜና ቦታ ነው፤ በሠርግ ዳስ የተፈቀደው በበነጋው በማኅበር ወይም በገበያ አይፈቀድም። ሁለተኛው መጋረጃ ነው፤ ነገሩ በሰም ስለሚሸፈን ሊሰማ የማይገባው አይሰማውም፥ የሰማውም እንዳልሰማ ሆኖ ለመቀመጥ ይችላል። ሦስተኛው መልስ ነው። የተዘለፈው ሚዜ እዚያው ቆሟል፤ ወገኖቹም በዘፈን ይመልሳሉ። አዝማሪ የነካው ሰውም «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም መልሱን በገዛ አፉ ይዘፍነዋል። ስለዚህ ዘለፋው የሁለት ወገን ጨዋታ ነው።

ነገር ግን ልማዱን ከእውነቱ በላይ ማሳመር የምሁር ሥራ አይደለም። በዚያው ሠርግ ላይ አንዲት ሰው መልስ የላትም፤ እርስዋም ሙሽራዪቱ ናት። የብር አምባር ልማድ እንደሚታወቀው የልጅቱ ድንግልና ምልክት ለወላጆቿ እንዲደርስ፥ በዘፈንና በእልልታም እንዲታወጅ ያደርጋል። ከሰው ሁሉ ገመና የበለጠ የተሰወረው የእርስዋ ገመና የመንደሩ ሁሉ ወሬ ይሆናል፤ ምልክቱ ያልተገኘ እንደ ሆነም ውርደቱ የቤተ ሰቡ ሁሉ ይሆናል። በዕድሜዋ ገና ልጅ የሆነችው ሙሽራ ግን ስለዚህ ነገር ፈቃዷን የጠየቃት የለም። ሚዜው «ተቀበል!» ማለት ሲችል እርስዋ ፊቷን ተሸፍና ትቀመጣለች። ይህንን በአእምሮአችን ይዘን ወደ ሲኒማው እንሂድ።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አገራችን የገባው በአንጎለላ ተወልደው ከአንኮበር ተነሥተው አገሩን በገዙት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ኋላ በአዲስ አበባ ለሕዝብ የተከፈተውን የሲኒማ ቤት ሰው «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ይህ ስም ለዛሬው ተማሪ ማሳቂያ ይመስለው ይሆናል፤ ከላይ በዘረዘርናቸው ሦስት አጥሮች ስንመዝነው ግን ስሙን ያወጣው ሰው ሞኝ አልነበረም። በሲኒማ ቤት ትርኢቱ የበዓል ቀን አይጠብቅም፤ ገንዘብ የከፈለ ሁሉ በማናቸውም ቀን ይገባል። ሥዕሉ ሰም የለውም፤ የሚታየው ለልጅም ለአዋቂም ያው ነው። ከሁሉም በላይ በጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ተመልካች በሸራው ላይ ላለው ሰው መልስ ሊሰጥ አይችልም፥ በሸራው ላይ ያለውም አይሰማውም። ሦስቱም አጥሮች በአንድ ሌሊት ፈረሱ።

ሲኒማ ቤቶች በጠላት ወረራ ጊዜና ከነጻነት በኋላ በረከቱ፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፥ ለከተማው ትልቅ የትርኢት አዳራሽ ሆነ። ነገር ግን በሲኒማው ሸራ ላይ የሚሳሳሙትና የሚካካዱት የውጭ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ ተመልካቹ ነውሩን «የፈረንጅ ነው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ይህ ማምለጫ የተዘጋው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አቶ ኢላላ ኢብሳ የደረሱት «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተባለው ፊልም ታየ። በ35 ሚሊሜትር ፊልም በጥቁርና ነጭ የተነሣ ሲሆን፥ በአማርኛ የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልም ነው።

የዚህን ፊልም ድፍረት ለመረዳት ከርእሱ አልፎ መሄድ አያስፈልግም። በእኛ አገር ሰው የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ ስሙ የራሱና የአባቱ ነው። ሕፃን ትምህርት ቤት ሲገባ፥ ሰው በዳኛ ፊት ሲቆም፥ እንግዳ መንደር ሲደርስ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። አባቷ ያልታወቀ ልጅ እንግዲህ ስሟ ግማሽ ነው። ርስት በዘር በሚቈጠርበት በመንዝና በተጕለት ይህ ጥያቄ የመሬትም ጥያቄ ነበር። «አባቷ ማን ነው?» ብሎ በአደባባይ መጠየቅ ከማናቸውም ዕራቁት ሥዕል የበለጠ የሚያሳፍር ነበር፤ ምክንያቱም ጥያቄው ጣቱን በእናቲቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ስሙን በደበቀው ወንድ ላይም ይቀስራል። «ኂሩት» በግዕዝ ቸርነት፥ ደግነት ማለት ሲሆን፥ ቸርነት የሚል ስም ያላት ልጅ ቸርነት ያጣች ሆና መቅረቧም ለግዕዝ አዋቂ የሚታይ ነው።

በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። ይህ ሕግ የጠለፋንና የአስገድዶ መድፈርን ወንጀል የሚቀጣ ቢሆንም፥ አጥፊው የበደላትን ሴት በሕግ ያገባ እንደ ሆነ ክስ እንዳይቀጥል መንገድ ይከፍት ነበር። ጠላፊው ሽማግሌ ልኮ በታረቀ ጊዜ ነገሩ በሠርግ ይፈጸማል፤ ሕጉ የልማዱን ዕርቅ በጽሑፍ አጸደቀው ማለት ነው። እንደ ሙሽራዪቱ ሁሉ የተጠለፈችውም ልጅ ፈቃዷ በዕርቁ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በዚሁ ዘመን አካባቢ በማኒላ ምን ይደረግ እንደ ነበር መመልከት ለማነጻጸር ይጠቅማል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1970 ገደማ «ቦምባ» የተባሉ የሩካቤ ፊልሞች በፊሊፒን ሲኒማ ቤቶች በዙ። በ1972 በመስከረም ፕሬዚዳንት ፌርዲናንድ ማርኮስ የጦር ሕግ ባወጁ ጊዜ ቍጥጥሩ ጠበቀ፤ ነገር ግን ደፋሩ ፊልም ስሙንና ልብሱን እየለወጠ ኖረ። ኋላም መንግሥት ራሱ በ1982 ባቋቋመው የሲኒማ ድርጅት አማካይነት በማኒላ የፊልም ማዕከል ሳንሱር ያልቈረጣቸው ፊልሞች እንዲታዩ ፈቀደ፤ ገቢውም የድርጅቱ ነበር። ፖለቲካውን የሚከለክል መንግሥት ሥጋውን ሲፈቅድ ድፍረቱ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። በሸራው ላይ የተጋለጠችው ሴት ናት፤ አጥሩን የከፈተውና የሰበሰበው ግን ሌላ ነው።

ሆኖም ሁሉንም በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። ሊኖ ብሮካ በ1976 የሠራው «ኢንሲያንግ» የተባለ ፊልም በማኒላ ድኾች ሰፈር በቶንዶ የምትኖር ልጅ በእናቷ ወዳጅ ስትደፈርና ስትበቀል ያሳያል። በ1978 በካን የፊልም በዓል ከታዩት መካከል አንዱ ሲሆን፥ ከፊሊፒን ወደዚያ በዓል የደረሰ የመጀመሪያው ፊልም ነው። ይህን ፊልም በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ በተማሪዎች የፊልም ክበብ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልሁ፤ ያደግሁበት ይሉኝታ እንዲህ ያስተምራል። ቀና ባልሁ ጊዜ ግን ያፈርሁት ከልጅቱ ዕራቁትነት እንዳልነበረ አስተዋልሁ፤ የእርስዋን መከራ ቀድሞ የሚያውቅ፥ ዝም ያለ ጎረቤት መስዬ ስለ ታየሁ ነበር። ብሮካ ካሜራውን ያቆመው ልጅቱ ባለችበት ወገን ስለ ሆነ ተመልካቹ እርስዋን የሚያይበት ሳይሆን በእርስዋ ዓይን የሚታይበት ፊልም ሆነ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የድፍረት ሥነ ጽሑፍ ከሲኒማው ጋር ጎን ለጎን ተጕዟል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የውቤ በረሃን የሌሊት ኑሮ የገለጠበት «ሌቱም አይነጋልኝ» በዚያው ዘመን ቢጻፍም ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ነው የታተመው። በደርግ ዘመን ሲኒማ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ ፊልም የሚሠራውም የሚመረምረውም መንግሥት ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ቅድመ ምርመራን ከከለከለና የቪዲዮ መሣሪያ ከረከሰ በኋላ ግን የአማርኛ ፊልም በግል ሰዎች እጅ በዛ። ሄርሞን ኃይላይ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2015 ለዓለም ያቀረበችው ፊልም የአንድ ወጣት ባለታክሲንና የአንዲት ሴተኛ አዳሪን ፍቅር ይተርካል፤ የባለታክሲው እናትም ሴተኛ አዳሪ ነበረች። «አባቷ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ በሌላ አፍ ተጠየቀ።

ሁለተኛይቱ ሂሩት የመጣችው በ2006 ዓ.ም. ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ ያዘጋጀው «ድፍረት» የተባለ ፊልም በአርሲ በእውነት የተፈጸመ ነገር መነሻ አድርጓል። በ1988 ዓ.ም. ገደማ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፥ ተደፈረችም፤ ለማምለጥ ስትሞክር በጠላፊው ጠመንጃ ጠላፊውን ገደለችው። በዓመተ ምሕረቱ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራስን መከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በፊልሙ ልጅቱ «ሂሩት» ተብላለች፤ ጠበቃዋ ግን በእውነተኛ ስማቸው በመዓዛ ተጠርተዋል። እኚህም ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ የሆኑት፥ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ፊልሙ በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም በዓላት የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ።

ከነገሩ በኋላ ሕጉም ተለወጠ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጠላፊን በጽኑ እስራት የሚቀጣ ከመሆኑም በላይ፥ ጠላፊውና የተጠለፈችው ኋላ መጋባታቸው ከወንጀል ኀላፊነት እንደማያድን በግልጥ ደነገገ። የ1949ኙ በር ተዘጋ። ለዚህ የታገሉት ብዙዎች ቢሆኑም የአርሲዋ ልጅ ጉዳይ ለሕዝብ ጠለፋን ከልማድነት አውጥቶ በወንጀልነት ካስታወቁት አንዱ ሆኗል።

እነሆ አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ፥ ተመልካችም ተቀምጦ ሳለ፥ የፍርድ ቤት እግድ ደርሶ ትርኢቱ ቆመ። እግዱ ኋላ ተነሣ። እግዱን የጠየቀው ግን ሳንሱር አልነበረም፤ የሃይማኖት አባትም ወይም የጠላፊው ወገንም አልነበረም። የጠየቀችው ታሪኳ የተነገረላት ሴት ራሷ ነበረች፤ አቤቱታዋም ያለ ፈቃዴ ታሪኬ ተወሰደ የሚል ነበር።

ይህ ነገር ብዙ ሰው አስገርሞአል፤ አንዳንዶችም ስለ እርስዋ ተብሎ የተሠራውን ሥራ እርስዋ መቃወሟን እንደ ውለታ ቢስነት አይተውታል። ከላይ የተከተልነውን መንገድ ያስታወሰ አንባቢ ግን ሊገርመው አይገባም። የሙሽራዪቱ ምልክት በእልልታ ሲታወጅ ፈቃዷን የጠየቃት አልነበረም። ጠላፊው ፈቃዷን አልጠየቀም። ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ፥ የ1949ኙ ሕግ ዕርቁን ሲቀበል አልጠየቋትም። በመጨረሻ የመጣው ፊልም ሐሳቡ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ተቃራኒ፥ ለሴቶችም መብት የቆመ ሲሆን፥ በአቤቱታዋ መሠረት በዚህ አንድ ነገር መሰላቸው። የአዝማሪው ሦስተኛ አጥር፥ መልስ የመስጠት ፈቃድ፥ ለእርስዋ የተከፈተው በዳኛ ፊት ብቻ ሆነ። እርስዋም እንደ ሚዜው «ተቀበል!» አለች፤ ቋንቋዋ የፍርድ ቤት ማመልከቻ ነበር።

ከዚህ ፊልሙ መሠራት አልነበረበትም የሚል ድምዳሜ አላወጣም። ባይሠራ ኖሮ ጠለፋ በብዙ አገር ልማድ ተብሎ ሲነገር ይኖር ነበር፤ ዝምታ ደግሞ ሁልጊዜ የጠላፊው ወገን ነው። የምለው ይህ ነው፤ የሲኒማ ድፍረት በሥጋው መገለጥና መሸፈን ሲመዘን ሚዛኑ ይሳሳታል። ሙሉ በሙሉ ልብስ የለበሰ ፊልም የሰውን ገመና ሊዘርፍ ይችላል፤ «ኢንሲያንግ»ን የመሰለ ሥራ ደግሞ ብዙ እያሳየ የልጅቱን ክብር ሊጠብቅ ይችላል። ትክክለኛው ሚዛን ልማዳችን ለወንዶቹ ያወቀው፥ ለሴቲቱ ግን የነፈጋት ያው የመልስ መብት ነው።

ይህንን በደብረ ብርሃን ከተማሪዎቼ ጋር በተወያየን ጊዜ አንዳንዶቹ እንዲህ ያለ ፊልም በቤተ ሰብ ፊት የሚታይ አይደለም አሉ። አንዲት ተማሪ ግን በመንደሯ ሠርግ ላይ ከዚህ የባሰውን ከእናቷ አጠገብ ቆማ ስትሰማ ማደጓን፥ እናቷም አብራ ማጨብጨቧን ተናገረች። ክፍሉ ሣቀ፤ ቀጥሎም ዝም አለ። ዝምታው የመጣው ሁላችንም በዚያ እልልታ ውስጥ የነበረችውን ሙሽራ በማሰብ እንደ ሆነ እገምታለሁ።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች፥ ይልቁንም ለወጣት ተመራማሪዎች፥ አንድ ሥራ አመለክታለሁ። የመንዝ፥ የተጕለት፥ የአንኮበርና የቡልጋ የሠርግ ዘፈኖች ሳይጠፉ ሊሰበሰቡ ይገባል። ሲሰበሰቡም ግጥሙ ብቻ አይበቃም፤ ማን እንደ ተዘለፈ፥ ማን እንደ መለሰ፥ ማንም እንዲመልስ እንዳልተፈቀደለት አብሮ ይጻፍ። የሙሽሮቹም ምስክርነት፥ አሁን አያቶች የሆኑት ሴቶች ስለዚያች ቀን የሚሉት፥ ከራሳቸው አፍ ይወሰድ። መቅረጫውን ከመክፈታችን በፊት ፈቃዳቸውን እንጠይቅ፤ እንቢ ቢሉም እንቢታቸውን እናክብር። የመጀመሪያው ፊልም ስለ ሂሩት የጠየቀው አባቷን ነበር። ከእርስዋ በኋላ ለምንሠራው ሁሉ፥ ለፊልም ሠሪውም ለእኛም፥ የቀረው ጥያቄ «ሂሩትን ራሷን ማን ጠየቃት?» የሚለው ነው።